ሽማግሌዎቹና ባለ ሁለት በሯ ቀይ መኪና

እኔ መርሳት የሚባል ነገር አላውቅም። አያትሽ ለሠርጋችን አንድ እግሩ ላይ ቡኒ፣ አንዱ ላይ ጥቁር ካልሲ አድርጎ ነው የመጣው። ስለዚህ እያረምሽ አታቋርጪኝ።

የአክስትሽ ልጅ ምናሴ ያገለገለች ቀይ የስፖርት መኪና ገዛ። በርካሽ አገኘኋት አለ። በሯ ሁለት ብቻ፣ ከመሬት ስንዝር ከፍ ብትል ነው። እንደ አንበሳ ታገሳለች፣ እንደ አሮጊት ታስላለች። የቀኝ በሯ ደግሞ ከውስጥ አይከፈትም።

ምናሴ የሚፈልገው ሰናይትን ማግባት ነው። ነገ ሌላ ሰው ለአባቷ ለአቶ ጥሩነህ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ዛሬ ካልቀደመ ቀረችበት። ሁለት ሽማግሌ ጫነ። ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፣ ግን የዚችን መኪና ጠባይ ከሱ በቀር ማን ይችላል?

"ጋሽ ወንድይፍራው፣ ትልቅ እርስዎ ነዎት፣ ይቅደሙ" ተባሉ። በዚች መኪና የቀደመ ኋላ ነው የሚገባ። ወፍራሙ ጋሽ ዘርጋው ፊት ተቀመጡ።

ከአቶ ጥሩነህ ደጅ ሲደርሱ ምናሴ መኪናዋን ሲያቆም የራሱን በር ከአጥሩ ግንብ ጋር አጣበቀው። ሞተሩ ጠፋ። የቀኙ መስኮት ጣት ታህል ተከፍቶ ቀረ።

"ጋሽ ወንድይፍራው፣ ይውረዱና ይናገሩልኝ።"

"ወንበሩ ሳይታጠፍ በየት በኩል?"

ወንበሩ፣ ጋሽ ዘርጋው ካልለቀቁኝ አልታጠፍም አለ። ጋሽ ዘርጋው፣ በሩ ካልተከፈተ አልነሳም አሉ። በሩ፣ ከውጭ ካልሆነ አልከፈትም አለ።

ምናሴ በመስኮቱ ቀዳዳ የአቶ ጥሩነህን ዘበኛ ጠራ። "ወንድሜ፣ በሩን ክፈት፤ በሩ ጋሽ ዘርጋውን ያስነሳ፣ ጋሽ ዘርጋው ወንበሩን ይልቀቁ፣ ወንበሩ ጋሽ ወንድይፍራውን ያውርድ።"

"ጋሼ ሳያዙኝ የሰው መኪና አልነካም።"

አቶ ጥሩነህ ራሳቸው ወጡ። ምናሴም ለመናቸው። "አባቴ፣ ዘበኛውን ይዘዙት፤ ዘበኛው በሩን ይክፈት፣ በሩ ጋሽ ዘርጋውን ያስነሳ፣ ጋሽ ዘርጋው ወንበሩን ይልቀቁ፣ ወንበሩ ጋሽ ወንድይፍራውን ያውርድ።"

"ጉዳያችሁን ሳልሰማ አላዝም። ለዚያውም ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ እሺ እስኪባል አይቀመጥም።"

ተናጋሪው ማን ናቸው? ጋሽ ወንድይፍራው። የት ናቸው? ኋላ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ላይ።

ያኔ ከኋላ ድምፅ መጣ።

"አቶ ጥሩነህ፣ ሰናይትን ለልጃችን ለምናሴ ብለን ነው። ሌላው ሽማግሌ እሺ እስኪሉት አይቀመጥም። እኛ እሺ እስኪሉን አንነሳም።"

አቶ ጥሩነህ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "እንዲህ ደጅ የጠና ሽማግሌ አላየሁም። ልጅቷም ስሙን ስታነሳ ነው የምትውለው። እሺ ብያለሁ።"

እሺ አሉና ዘበኛውን አዘዙ፣ ዘበኛው በሩን ከፈተ፣ በሩ ጋሽ ዘርጋውን አስነሳ፣ ጋሽ ዘርጋው ወንበሩን ለቀቁ፣ ወንበሩ ጋሽ ወንድይፍራውን አወረደ፣ ሰናይትም ለምናሴ ሆነች።

በይ፣ ዛሬ ማታ ደውይልኝ። ከዜና በፊት። ሚስኮል ብቻ አድርገሽ እንዳትቀሪ።