ወንበር ያቀያየረችው ተለማማጅ

አንድ ስመ ጥር የንግድ ሕግ ጠበቃ በሰኔ ወር መጀመሪያ ላይ ሰናይት የምትባል ተለማማጅ ከቢሮው አሰናበተ። ምክንያቱ ባለጉዳዮችን ከወንበራቸው አስነሥታ ቦታ ማቀያየሯ ነበር።

ሰናይት ሕግ የተማረችው በማታ ነው። ከዚያ በፊት ቴያትር ተምራ መድረክ ላይ ሠርታለች። የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት የሥራ ልምድ ያስፈልጋት ነበር፤ ሌሎች ቢሮዎች ግን የመጀመሪያ ዲግሪዋን እያዩ መልሰዋታል። እዚህም ሠራተኞቹ «ተዋናይቷ» ይሏታል። ይህን ስም ለማስረሳት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትናገር፣ ስለ መድረክም አንሥታ አታውቅም ነበር።

በዚያ ዕለት የዘይት መጭመቂያ ያላቸው ሁለት ሸሪኮች መጡ። የጠበቃው ደንበኛ ደምሰው ሽርክናው እንዲፈርስ ይፈልጋል፤ አስካለ ደግሞ እንዲቀጥል። የቢሮው ደንብ ጥብቅ ነው። ደንበኛ በቀኝ፣ ተቃራኒ ወገን በግራ ይቀመጣል፤ የሚነጋገሩትም በጠበቃው በኩል ብቻ ነው። ጠበቃው ስልክ ተደውሎለት ሲወጣ ሰናይትን፣ «ሻይ አቅርቢላቸው። ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል እንዳታነሺ» አላት።

ስልኩ ረዘመ። ሁለቱ መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ አስካለ ቦርሳዋን አንሥታ ልትወጣ ተነሣች። ሰናይት የሻዩን ትሪ አስቀመጠች። በቴያትር ልምምድ ላይ ሁለት ተዋንያን አልግባባ ሲሉ አዘጋጁ ሚናቸውን ያቀያይራቸዋል።

«እትዬ አስካለ፣ ከመሄድዎ በፊት እዚያ ይቀመጡ። ጋሽ ደምሰው፣ እርስዎ በእሳቸው ቦታ። አሁን እርስዎ አስካለ ነዎት። ምን ይላሉ?»

ደምሰው ግራ ተጋብቶ ሳቀ። «እኔ አስካለ ነኝ» አለ። «ደምሰው ዘመዶቹን ሁሉ ቀጥሮ፣ እኔ መጋዘኑን ልይ ብዬ ስመጣ ዘበኛው ማን ልበል ይለኛል።»

«ድምፄን ቀጠን አድርገው እንጂ» አለች አስካለ። ተራዋን ያዘች። «እኔ ደምሰው ነኝ። ማሽኑን ጭቃ ለጭቃ ገፍቼ ነው ያመጣሁት። ይህን በየቀኑ ካላወራሁ ምሳዬ አይዋጥልኝም።»

«ውሸት ነው?» አለ ደምሰው።

«እውነት ነው። አመስግኜህ ግን አላውቅም።»

ጠበቃው በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ሸሪኮቹ ከሄዱ በኋላ ሰናይትን ጠራት።

«ደንበኛዬ በተቃራኒ ወገን ፊት ምን እንዳመነ ሰምተሻል? ነገ ፍርድ ቤት ይወጣበታል። ይህ ቴያትር ቤት አይደለም።»

«ትእዛዝዎን መጣሴ ጥፋት ነው» አለች። «ቴያትር መማሬን ግን ጥፋት አያድርጉብኝ።»

«ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ጠበቃው የፈራው ደረሰ። አስካለ ያን የደምሰውን ቃል በክርክሩ ላይ ተጠቀመችበት፤ ደምሰውም ተረታ። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ትምህርቱ «አዲስ ሙያ ስትይዝ የድሮውን ከበር ጥለህ ግባ» የሚል በሆነ ነበር።

ሰናይት ግን በአንድ የነጋዴዎች ማኅበር የዕርቅ ክፍል ሥራ አገኘች፤ ቆይታም የጥብቅና ፈቃዷን አወጣች። ከስህተቷም ተምራለች። በዕርቁ ላይ የተባለው ነገር ፍርድ ቤት እንደማይቀርብ ሁለቱም ወገኖች ሳይፈርሙ ወንበር አታቀያይርም። ከሥራ ያስባረራት ቴያትሩ ሳይሆን ደንቡን መዝለሏ ነበር። አዲስ ሙያ ደንቡን እንድናከብርለት ይጠይቀናል፤ የቀድሞውን እንድንደብቅለት ግን አይጠይቀንም። እርስዎስ አዲሱ ሥራዎ ውስጥ ሲገቡ የደበቁት ዕውቀት የትኛው ነው?

ከዓመታት በኋላ ጠበቃው ከቢሮው ሸሪክ ጋር ተጣላ። አስታራቂ እንዲመርጡ ሲጠየቁ ሁለቱም፣ ለየብቻቸው፣ የሰናይትን ስም ጠሩ። በቀጠሮው ዕለት ጠበቃው ቀድሞ ደረሰ። ሰናይት ወንበሩን አሳየችው፤ እሱ ግን አልተቀመጠም።

«የሸሪኬ ወንበር የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሄዶም እዚያ ተቀመጠ።