የልብስ ሰፊው የይመር ሱሪ

በእኛ ሰፈር ሰው ጠላቱን ልጉዳ ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ ሽማግሌዎች አንዲት አጭር ቃል ጣል አድርገው ዝም ይላሉ። ወጣቶቹም ተቀብለዋት በየጨዋታው ይሏታል፤ ከየት እንደመጣች ግን ጠይቀው አያውቁም። የመጣችው ከልብስ ሰፊው ከይመር ቤት ነው። ሰበቧም የእህቱ የመሬማ ጥርጣሬ ነበር።

መሬማ ወረኢሉ ገጠር የምትኖር፣ ባሏን የቀበረች፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ናት። ይመር ታናሿ ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ይመር አንጀቱ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት ኦፕራሲዮን እንደሆነ፣ አሁንም ሆስፒታል እየተመላለሰ በደም ሥሩ ከባድ መድኃኒት እንደሚሰጠው ስትሰማ፣ በሶዋን አስፈጭታ፣ ማሯን ይዛ፣ የደሴን መኪና ተሳፍራ መጣች።

በር የከፈተችላት የይመር ሚስት ሉባባ ነበረች። ይመር የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ያገባት፣ በዕድሜ ብዙ የምታንሰው፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። መሬማ ከጥንትም አልወደደቻትም። ዝም የሚል ሰው የሚደብቀው አለው ባይ ናት መሬማ።

ምሳ ቀረበ። ለሁለቱ ሴቶች በአንድ ትሪ እንጀራ በሽሮ መጣ። ለይመር ግን ለብቻው በሳህን የተቀቀለ እንቁላልና በቅቤ የታሸ ጎመን ቀረበለት፤ እሱንም በሹካ እየለቀመ ይበላ ጀመር። እንጀራ የለ፣ ዳቦ የለ። ሻዩ እንኳን ስኳር አልነካውም።

"እንጀራውስ?" አለች መሬማ።

"ሆዴ አልፈልግ ብሎኝ ነው፣ እታለም" አለ ይመር ቀና ሳይል።

"ተከልክሎ ነው" አለች ሉባባ፣ ከእሱ ቃል ጋር እኩል።

መሬማ ጉርሻዋን ይዛ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ለአንድ ጥያቄ ከአንድ ቤት ሁለት መልስ ወጣ። "ማን ነው የከለከለው?"

"ሐኪሟ ናታ፣ እትዬ።"

"በሽተኛን እህል የሚከለክል ሐኪም አለ?"

ሉባባ ባሏን አየት አድርጋ፣ የውሃ ማሰሮውን አንስታ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሬማ ዓይኗን ከሉባባ ላይ አልነቀለችም።

ማየት የጀመረ ደግሞ የሚያየው አያጣም። አንድ ቀን የሉባባ ወንድም መጣ። ቤቱ ፊቱ ወደ አስፋልት ነው፤ የመንገድ ዳሩ ክፍል የይመር መስፊያ ሱቅ ነው። ሰውየው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ወደ ላይ ሲያይ ቆየና፣ ከእህቱ ጋር ጥግ ይዞ ይንሾካሾክ ጀመር። መሬማ ሙሰበሃዋን እየቆጠረች ጆሮዋን ሰጠች። ከወሬው ሁሉ የደረሳት አንዲት ቃል ናት። "ብዙ አይቆይም" አለ ሰውየው። የመሬማ ጣት ሙሰበሃው ላይ ቀረ።

ስለዚህ ወንድሟን በእጇ ልትመግበው ቆረጠች። በሶውን በማር እየበጠበጠች፣ ሉባባ ሳታያት ሱቅ ድረስ ትወስድለታለች። "አስቀምጪው፣ እታለም። ይችን ስፌት ልጨርስና እጠጣዋለሁ" ይላታል። ኋላ ብርጭቆው ባዶውን ይመለሳል። መሬማ አልሐምዱሊላህ ትላለች።

አንድ ጠዋት ግን ለውዱእ ወደ ጓሮ ብትወጣ፣ በሎሚው ዛፍ ሥር ጉንዳን ተሰልፎ አየች። ጎንበስ ብላ አፈሩን ጫረችው። የደረቀ በሶ ነው። ከላዩ አዲስ ተደፍቷል፤ ከሥሩ የከረመ አለ።

ገባችና ሉባባን ጠየቀቻት። "የሎሚው ሥር ያ ሁሉ ጉንዳን ምን አግኝቶ ነው?"

"እኔ እንጃ፣ እትዬ።" ሉባባ ከሱቅ የመጣውን ያልታጠበ ብርጭቆ አንስታ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ። "በሶ ነው የምትሰጭው? ማርም አለበት? እኔም እኮ ይሄ ሰው ለምን መነመነ እላለሁ። ማር አትስጭው፤ እሱን የሚገድለው እሱ ነው።"

መሬማ ሌላውን ሁሉ አልሰማችም። ከሉባባ አፍ 'የሚገድለው' የሚል ቃል መውጣቱን ብቻ ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲያ በአንድ ትሪ እየበሉ አንዳቸው የሌላቸውን እጅ ይጠብቁ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። የይመር ጉንጭ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የእጁ አጥንት ይቆጠራል። ሱሪው ግን ልክ ትናንት ተለክቶ እንደተሰፋ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። ሊጠይቁት የሚመጡት ሰዎችም ከላይ እስከታች ያዩትና "ደህና ነህ፣ ብዙም አልከሳህ" ብለውት ይሄዳሉ። መሬማ ይህን ስትሰማ ነገሩ ይከነክናታል።

ሉባባ ገበያ በወጣችበት ቀን መሬማ ልብሱን ልታጥብለት አወጣች። ሱሪውን ገልብጣ ስታየው ስፌቱ በስፌት ላይ ነው። ወገቡ ገብቷል፣ እንደገና ገብቷል፣ ቂጡና ጭኑም እንዲሁ። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጨርቅ እጥፍ ድርብ ሆኖ እንደ ቀበቶ ደድሯል። የታጠፈውን ዘርግታ በቀድሞው ልኩ ብታስበው ዛሬ ሁለት ይመር ይይዛል። እዚያው የልብሱ ሳፋ አጠገብ ቁጭ አለች። ይህ ሰው እየሟሸሸ ነው፤ መሟሸሹን ደግሞ ከሰው ዓይን የሚሸሽግ አለ። ሱሪውን ሳታጥብ አጥፋ መስገጃዋ ሥር ከተተችውና ሼህ አራጋውን አስጠራች።

ሼህ አራጋው ጎረቤት ናቸው፤ የሰፈሩ ጠብ ሁሉ በእሳቸው ደጅ የሚያልቅ ሽማግሌ። ከአስር ሶላት በኋላ መጥተው ተቀመጡ። ይመርም ከሱቁ ተጠራ፤ ሉባባም ከገበያ ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች። መሬማ ሱሪውን መሀል ላይ ዘረጋችው።

"ሼሁ፣ ወንድሜ ገዛ ቤቱ ውስጥ እየተራበ ነው" አለች። "እህል ትከለክለዋለች። የማመጣለትን በሶ ሎሚ ሥር ትደፋዋለች። ወንድሟ መጥቶ ቤቱን አይቶ 'ብዙ አይቆይም' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መክሳቱ እንዳይታወቅ ደግሞ ልብሱን በስፌት ታጠብበዋለች። እኔ ወንድሜን ይዤ ልሂድ።"

ሼህ አራጋው ወደ ሉባባ ዞሩ። ሉባባ አላለቀሰችም። ሱሪውን ጎትታ ጭኗ ላይ አደረገችና ስፌቱን በጣቷ ተከትላ እስከ መጨረሻው ሄደች።

"እኔ ቁልፍ እንኳን መትከል አላውቅም፤ እሱን የማያውቅ የለም" አለች ቀስ ብላ። "ይሄ የመኪና ስፌት ነው። ይመር፣ ይሄ ያንተ እጅ ነው።"

ይመር አንገቱን ደፋ።

"የእኔ ነው" አለ በመጨረሻ። "ሆስፒታል ወረፋ ስጠብቅ አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። የካንሰር ምግቡ ስኳር ነው ይላል። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ድንቹም ሆድ ሲገባ ስኳር ነው የሚሆነው፤ እሱን ከዘጋህበት በረሃብ ይሞታል አለ። እኔም ላስርበው ብዬ ተነሳሁ።"

"ሐኪሟስ?" አለች ሉባባ።

"ሐኪሟ የምታውቀው ነገር የለም። ብነግራት ትከለክለኛለች ብዬ ነው። አንቺንም በእሷ ስም ያዘዝኩሽ እንዳትከራከሪኝ ነው።"

"በሶውስ?" አለች መሬማ፤ ድምጿ ወርዷል።

"እኔ ነኝ የደፋሁት፣ እታለም። መጀመሪያ ሥጋውም እንቁላሉም ይበቃኝ ነበር። ኋላ መድኃኒቱ ሲከብደኝ ቅባት ማየት አቃተኝ፤ እሱም ቀረ።" እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አያቸው። "ሌላውን ሁሉ ሰው ነው የሚያደርግልኝ። ደሜን ይቀዱኛል፣ ይወጉኛል፣ ተኛ ይሉኛል። በእጄ የቀረችኝ ይህች አንዷ ነበረች።"

መሬማ ግን አንድ ነገር ከልቧ አልወጣላትም ነበርና "ወንድምሽስ? ያ 'ብዙ አይቆይም' ያለው?" አለች።

"ጣሪያውን ነዋ፣ እትዬ። የሱቁ ቆርቆሮ ዝጎ ይሄን ክረምት አይሻገርም፤ እንቀይረው ብሎ ነው።"

መሬማ ተነስታ ሱቁን አየች። ቀና ስትል ሰማዩ በቆርቆሮው ሽንቁር ይታይ ነበር። ተመልሳ ከሉባባ አጠገብ ተቀመጠችና "አፉ በይኝ" አለቻት። ሉባባ እጇን ያዘቻት።

በነጋታው የመድኃኒቱ ቀጠሮ ነበርና ሦስቱም በባጃጅ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ይመርን ሚዛን ላይ አቁማ ቁጥሩን አየች፤ አውርዳ እንደገና አቆመችው። ሉባባ የሆነውን ሳትደብቅ ነገረቻት።

"ዛሬ መድኃኒቱን አልሰጥዎትም፣ አቶ ይመር" አለች ሐኪሟ። "ይህ ሰውነት አይችለውም።"

"ታዲያ ያ ባለ ስልክ ዋሽቶ ነው?" አለች መሬማ። አሁን ደግሞ ሐኪሟን በጎን ነው የምታያት።

"ሁሉንም አልዋሸም፣ እናቴ። ስኳር አለማብዛት ደግ ነው። እህል መቀነስ ይረዳ እንደሆን የሚያጠኑ ሐኪሞችም አሉ። እነሱ ግን በሽተኛውን እየመዘኑ፣ ደሙን እያዩ ነው። ለወንድምሽ ዓይነት በሽታ ይሄ ያድናል ብሎ እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም። እህል ሲቀርበት ሰውነቱ የሚፈልገውን ስኳር ከገዛ ሥጋው እያወጣ ይሠራዋል፤ በሽታው ከዚያው ላይ ይመገባል። የሚያልቀው እሱ ነው።" ከዚያ ወደ ይመር ዞረች። "ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። ቅባት ካስጠላዎት ሌላ እንፈልጋለን። የሚተውት ነገር ካለ ግን መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ።"

ኋላ የሆነው ይህ ነው። ይመር በሶውንም እንጀራውንም እየቀመሰ ቀስ በቀስ አንሰራራ፤ የተቋረጠው መድኃኒትም ተጀመረለት። በሽታው ጨርሶ ለቀቀው ማለት አይደለም። እየተመረመረ፣ እየታከመ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ ይኖራል። መሬማ ጣሪያው እስኪቀየር ቆይታ፣ ሉባባን ሦስቴ ስማ፣ ወደ አገሯ ገባች።

ቃሏ የተባለችው ግን ያኔውኑ፣ ከሆስፒታል በተመለሱበት ቀን ነው። ሼህ አራጋው የሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር። ይመር ከባጃጁ በሁለቱ ሴቶች ተደግፎ ሲወርድ አዩና "እህስ፣ ምን አሉህ?" አሉት። ይመር መድኃኒቱን መከልከሉን፣ እሱ ላስርበው ያለው በሽታ ከገዛ ሥጋው ሲበላ መክረሙን ምንም ሳይሸሽግ ነገራቸው። ሼህ አራጋው የከሳ እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡትና "አይ ይመር፤ አይጥ ትራብ ብሎ ባለጎተራው ጦም አደረ" አሉት።