የማይጠፋው ሬዲዮ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝና ስሙ።

አንድ አንበሳ ጫካውን ሲገዛ፣ "ከጎረቤት ጫካ ሬዲዮ መግዛት ቀረ፤ በመንግሥት ፋብሪካ ራሳችን እንሠራለን" ብሎ አወጀ። ጉማሬንም ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሾመው። ጉማሬ ስለ ሬዲዮ ምንም አያውቅም፤ በስብሰባ ላይ ግን እንደ እሱ የሚያጨበጭብ አልነበረም።

የምረቃው ቀን ሲደርስ ምክትሉ ጦጣ ወደ ጉማሬ እየሮጠች መጣች። "ጌታዬ፣ ሳጥኑ በቀለም አጊጧል፤ ሆዱ ግን ባዶ ነው።"

"ታዲያ ምን ቸገረሽ? ዕቅዱ ከሚጎድል በቀቀንን ክተቺበት" አላት።

አንበሳ ሪባኑን ቆርጦ ቁልፉን ሲያዞር፣ ከሳጥኑ ውስጥ "አንበሳ ሺህ ዓመት ይንገሥ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ጫካው በጭብጨባ ተናወጠ። ሊያጠፋው ቁልፉን መልሶ ቢያዞር ግን ድምፁ አላቆመም።

"ለምንድነው የማይጠፋው?" አለ።

ጦጣ ፈጠን ብላ፣ "የሚጠፋውማ የጎረቤት ሬዲዮ ነው ጌታዬ፤ የእኛ አይጠፋም" አለች። አንበሳ በኩራት ጎፈሩን ነሰነሰ።

ፀሐይዋ ከረረች። ሳጥኑ ውስጥ የታጨቀችው በቀቀን ረሃቡ ሲጠናባት ውዳሴውን ተወችና "ራበኝ! ኧረ ራበኝ!" እያለች ትጮህ ጀመር።

"ይሄማ የጠላት ጣቢያ ነው፤ አጥፉት!" ብሎ አንበሳ አገሳ።

ሹማምንቱ ተረባርበው ቁልፉን ቢያዞሩ፣ ቢያዞሩ እምቢ አለ። በመጨረሻ ጉማሬ መጣና ሳጥኑ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠበት። ድምፁ ጸጥ አለ።

በማግስቱ ጉማሬ ኒሻን ተሸለመ፤ የሚጠፋ ሬዲዮ በመሥራቱ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ብቻ እንዳትቀመጡበት።