መነጽሩን ያወለቀው ወያላ

ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የታደለውን የስሪዲ መነጽር አውልቆ ዓይኑን ሲያሽ ነው የተያዘው። ዳይሬክተር ግሩምነህ የገዛ ፊልሙን አስቁሞ፣ መብራት አስበርቶ፣ ማይኩን እንደያዘ መጥቶ ፊቱ ተገተረ። ልጁ የሚኒባስ ወያላ ነው። አጠገቡ የተቀመጠችው ትርሲት ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ሲለምናት ከርሞ ገና ዛሬ እሺ ብላው የመጣች ናት።

«አንተ፣ ይሄን ያህል የለፋሁበትን ፊልም ያለ መነጽር ታያለህ?»

«ጋሼ፣ በመነጽርም ያው ነው። ሰውዬው ለምን እንደሚሮጥ አልገባኝም።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። የዳይሬክተሩ ደም ፈላ።

«ጥይቱ ዓይንህ ድረስ ይመጣል። ሲዘንብ ከጣሪያው ውሃ ይረጭብሃል። መኪናው ሲሄድ ወንበርህ ይነቃነቃል። በዚህ አገር ይሄን ሁሉ ሌላ የት አይተሃል? ካልነገርከኝ እዚችው ልጅ ፊት ተንበርክከህ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ» ብሎ ማይኩን አፉ ላይ ደቀነበት።

ትርሲት አቀረቀረች። ወያላው ማይኩን ተቀብሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ እኛ ታክሲ ውስጥ ወንበሩ ይነቃነቃል። ሲዘንብ ጣሪያው ያፈሳል። የሰው ዣንጥላ ዓይን ድረስ ይመጣል፣ ያውም ያለ መነጽር። እኛ ግን ሰው ከመሳፈሩ በፊት ወዴት እንደምንሄድ ጮኸን እንናገራለን።»

ሕዝቡ በሳቅ ወንበሩን ራሱ ነቀነቀው። ትርሲት ብድግ ብላ የወያላውን እጅ ያዘች፤ መነጽሯን ለዳይሬክተሩ አስረከበችውና፣

«ጋሼ፣ ወራጅ አለ» አለችው።