የአንጓች ሽንኩርትና የመምህር ይሁኔ ጥድፊያ

እኛ አገር ሰው መጨረሻ ላይ ለምትሰሙት ምሳሌያዊ አነጋገር የራሱ መነሻ አለው። ሌላው አገር ሌላ ያወራ ይሆናል፤ ያውራ፣ አንከለክልም። የኛው ግን ከመምህር ይሁኔ ሰሌዳና ከወይዘሮ አንጓች መቀነት ይነሳል።

ይሁኔ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ግን ችኩል! ኩራቱ ከአካባቢው መምህራን ሁሉ ቀድሞ መጽሐፉን መጨረስ ነበር። ሰሌዳውን በቁጥር ይሞላል፣ ፊት ወንበር ላይ እጃቸውን የሚያወጡትን ጎበዞች ያያል፣ «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ከዚያማ ሰሌዳውን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ። ኋላ የተቀመጡት ባይገባቸውስ ማን ደፍሮ ይናገራል? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለው ቁጭ ነው።

ከነዚያ አንዷ ስመኝ ነበረች፣ የወይዘሮ አንጓች ልጅ። አንጓች ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በመስኖ በምታለማው ሽንኩርት ነው። ከቦዩ ውሃ አንድ አምስተኛው የሷ ድርሻ ሲሆን ጎረቤቷ ቢተው አንድ ስድስተኛ አለው። አንድ ቀን ውሃውን የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ፣ አያ ፈንታሁን ባሉበት፣ ቢተው ለስለስ ብሎ መጣ።

«አንጓችዬ፣ ለጉርብትናችን ስል ድርሻ እንለዋወጥ። የኔን ስድስተኛ ውሰጂ» አላት።

አንጓች ሲሶና እርቦን እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቅም። «እኔ ምኑን አውቄ! የተማረች ልጅ አለችኝ» ብላ ወደ ስመኝ ዞረች።

«ስድስት ከአምስት ይበልጣላ፣ እማዬ! ተቀበይው» አለች ልጅቱ።

አያ ፈንታሁን «አንቺ ሴት፣ ቸኮልሽ፤ እደሪበት» ቢሏት አልሰማችም። ተዋዋሉ።

ሰንበት ሲል ሽንኩርቱ መጠውለግ ጀመረ። አንድ ጠዋት አንጓች ውሃው ከቀድሞው ማነሱን አይታ ነገሩ ገባትና ከጠወለገው ማሳ እፍኝ ሽንኩርት ነቅላ፣ መቀነቷን እየሮጠች እየታጠቀች ክፍሉ ድረስ መጣች።

«መምህር፣ ትምህርትዎ ይኸውልዎ!» ብላ ሽንኩርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ልጅቱ ያለቻትንም ነገረችው። «አሁን ልጆቼን ምን ላበላ ነው?»

ይሁኔ ተቆጣ። «ይህን ካስተማርኩ ቆየሁ እኮ! ልጆች፣ ከአንድ አምስተኛና ከአንድ ስድስተኛ የቱ ይበልጣል?»

«አንድ ስድስተኛ!» አለ ክፍሉ፣ እንደ ልማዱ በአንድ ድምፅ። ከፊት ወንበር ጎበዞችም አብረው የጮሁ ነበሩ።

ወይ ጉድ! መጽሐፉን የጨረሰው ለካ ብቻውን ነበር። ይሁኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጠመኔውን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ኋላ ወንበር ሄዶ ስመኝ አጠገብ ተቀመጠ።

«ስመኝ፣ እህል ሲካፈሉ ሲሶና እርቦ የቱ ይበልጣል?»

«ሲሶ ነዋ!» ጥያቄው አሳቃት።

«ለምን?»

«ሲሶ ለሦስት ተካፍሎ ነው፣ እርቦ ለአራት። ተካፋይ ሲበዛ ድርሻ ያን…» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ እማዬን! ጉድ ሠራኋት!»

«አንድ ሦስተኛ የሚባለው ሲሶ ነው እንዴ?» አለ ከጎኗ ያለው ልጅ፣ ዓይኑን አፍጥጦ። ክፍሉ ተንጫጫ። ይሁኔም ከኋላ ወንበር ጀምሮ እያንዳንዱን «እስቲ አንተ አስረዳኝ፣ እስቲ አንቺ» እያለ እስከ ምሳ ቆየ።

ከምሳ በኋላ እናትና ልጅን ይዞ ወደ ቦዩ ወረደ። ቢተው «ውል ውል ነው! ትልቁን ስድስተኛ ሰጥቻት ምን ጎደለባት?» ብሎ ተገተረ።

«አያ ቢተው፣ ስድስተኛው ይበልጣል ካሉማ መልሰው ይውሰዱት» አለች ስመኝ። «እኛ ትንሹ ይበቃናል!»

ውሃ ለመካፈል ቦዩ ላይ የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቢተው አቀረቀረ። አያ ፈንታሁንም ውሉን አፈረሱት። አንጓች እልል ብላ ውሃውን ወደ ማሳዋ ልትከፍት ስትሮጥ፣ ጠዋት የታጠቀችው መቀነት ተፈትቶ መሬት ላይ ቀረ።

ይሁኔ መቀነቱን አነሳ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያ። ግን እኮ ከሁሉ ቀድሜ ጨርሼ ነበር፤ ልጆቹ እንዴት ነው ትምህርቱ እንዲህ የጠፋባቸው?»

ሽማግሌው መጀመሪያ መቀነቱን፣ ቀጥሎ መምህሩን አይተው ሳቁ። «ምን ይገርምሃል፣ ልጄ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!»