ጸበል የተረጨችው መኪና

«በቅሎ ስትገዛ ኮርቻዋን ተወውና ኮቴዋን እይ» ይሉ ነበር የአቶ ዘርጋው አባት። ልጁ ግን መኪና ሲገዛ ኮርቻውን ብቻ አየ፤ ወንበሯን ቆዳ አስለበሰ፣ ቄስ ጠርቶም ጸበል አስረጫት። ጎማዎቿ ሙልጭ ብለው እንደ ተላጨ ራስ ያብለጨልጩ ነበር።

ጎሚስታው «ጋሼ፣ ደህና ጎማ ይግዙ እንጂ። ደህና ጎማ እርጥብ መንገድ ቆንጥጦ ይይዛል፣ ፍሬን ሲረግጡ ቶሎ ያቆማል» ቢለው ሳቀበት።

«እሱ ለእሽቅድምድም ነው! እኔ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ነው የምነዳው። መኪናዬም ጸበል የተረጨች ናት።»

ክረምት ገባ። አንድ እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ፣ አቶ ዘርጋው በዝናብ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን ቢረግጥ ቢረግጥ መኪናይቱ አልሰማ አለች። አህያ የሚነዳ አንድ መንገደኛ አህያውን ጎትቶ ለጥቂት ተረፈ፤ መኪናይቱ ተንሸራታ ቦይ ገባች።

አቶ ዘርጋው ደረቱን ነፍቶ ወረደ። ጥፋቱ የእሱ ሊሆን ነው እንዴ? በሕዝብ ፊት መንገደኛውን አፋጠጠው።

«መኪናዬ ጸበል የተረጨች ናት! ወይ ጸበሉ አልሠራም በል፣ ወይ በክፉ ዓይኔ የጣልኳት እኔ ነኝ ብለህ እመን!»

የፊተኛውን ቢል ምእመኑ ይነሣበታል፤ የኋለኛውን ቢል አገር ይሸሸዋል። መንገደኛው የአህያውን ጭነት አቃና፤ ጎንበስ ብሎም ጎማውን በመዳፉ ዳበሰው።

«ኧረ ጸበሉስ ሠርቷል ጌታዬ» አለው። «እኔና አህያዬ ተርፈናል፤ እርስዎም ይኸው በደህና ቆመው ለመቆጣት በቅተዋል። እግዜር ለእርስዎ የተወልዎት ጎማ መግዛቷን ብቻ ነበር።»