ለሰርዶው የተተከለ ድንኳን

ተረቴን ላውጋችሁ፤ የላሞቹን በረት ዝጉና ስሙኝ።

አንዲት በግ ለግልገሎቿ ብላ ደጇ ላይ ሰርዶ ተከለች። እያረመችና ውኃ እያጠጣች አለመለመችው። ውርጭ ሲገባ ግን ሰርዶው ከዳር እስከ ዳር ገረጣ።

"ሞተብኝ!" ብላ ጮኸች። እሪታዋን የሰማ ሁሉ መጣ። በሬ ድንኳኑን እዚያው ሰርዶው ላይ ተከለ። አህያ ሙሾ እያወረደች መሬቱን በኮቴዋ ደበደበችው።

በማግሥቱ ሰርዶው ከእግራቸው ሥር፣ "እመቤቴ፣ አልሞትኩም እኮ። ብርዱ እስኪያልፍ ተኝቼ ነው። ሥሬ ደህና ነው፤ ብቻ ከላዬ ውረዱልኝ" አላት።

በጓ ዙሪያዋን አየች። ለቀስተኛው ከሩቅ መጥቷል፤ ንፍሮውም ተቀቅሏል።

"ዝም በል" አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አሁን ምን ብዬ ልመልሳቸው? ሰባቱ ቀን ይሙላና እንነጋገራለን።"

ሰባቱ ቀን ሲሞላ ሰርዶው አልተናገረም።

ሙቀቱ ሲመለስ የጎረቤቱ ሰርዶ ሁሉ አረንጓዴ ለበሰ፤ ድንኳን የቆመበት ብቻ ባዶ አፈር ሆኖ ቀረ። ግልገሎቹ አፈሩን ይልሱ ጀመር። በጓ ይኸኛውን ለቅሶ ለማንም ሳትነግር ብቻዋን አለቀሰች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለግልገሎቹ ስጡልኝ።